የኳስ ተጫዋች ደመወዝና የሜዳ ላይ ሥራው ይመጣጠናል ወይ?

ሰንበት ወጥቶ ቡናው ሲፈላ፣ ልጆቹም ቴሌቪዥኑ ፊት ሲደረደሩ፣ በብዙ ቤታችን የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ልጅ «አባዬ፣ ይሄ ተጫዋች እኮ በሳምንት ሦስት መቶ ሺህ ፓውንድ ነው የሚያገኘው» ይላል። አባት ደግሞ «ታዲያ ዛሬ ኳሷን ሲነካት እንኳ አላየሁትም። ገንዘቡን የሚሰጡት ለምኑ ነው?» ብሎ ይመልሳል። እናት የራሷን የወር ትሉሽ በልቧ እያሰበች ዝም ትላለች።

ጥያቄው የጨዋታ ወሬ ብቻ አይደለም። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን በየከተማው የወጣቶች ቡድን አስመዝግበው ክፍያ ይከፍላሉ፣ ማታ ማታ ያመላልሳሉ። በግሩቱን ትቶ ኳሱን ልከተል የሚል ልጅም አለ። ስለዚህ ይህ ትልቅ ገንዘብ በምን ሂሳብ እንደሚከፈል ማወቁ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ ራሳቸው። በጋዜጣ የሚወጣው ደመወዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚጽፉት ብሩቶውን፣ ማለትም ግብር ያልተቀነሰለትን ነው፤ ያውም በሳምንት። ጣሊያኖች ደግሞ ኔቶውን በዓመት ነው የሚጽፉት። ሁለቱን ሳያስተውል የሚያወዳድር ሰው ይሳሳታል። ከዚህም በላይ በአውሮፓ አብዛኛው ውል ምስጢር ስለሆነ የምንሰማው ብዙውን ጊዜ የጋዜጠኛ ግምት ነው። ለየት ያለችው አሜሪካ ናት። እዚያ የተጫዋቾቹ ማኅበር የእያንዳንዱን ደመወዝ በስሙ ያወጣዋል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በእስራኤል ያደገው፣ በ2025 በ31 ዓመቱ ያረፈው ጋዲ ኪንዳ፣ ዝክሩ ለበረከት ይሁንና፣ ከ2020 ጀምሮ በካንሳስ ሲቲ ሲጫወት ደመወዙን ማንም ሰው ገልጦ ማየት ይችል ነበር።

ገንዘቡ እንዲህ ከፍ ያለው ጥንትም አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ ጥር 1961 ድረስ ለአንድ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ መክፈል በደንብ የተከለከለ ነበር። ጎበዙም ሰነፉም ከዚያ ጣሪያ አያልፍም። የተጫዋቾቹ ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እመታለሁ ብሎ ሲያስፈራራ ጣሪያው ተነሳ፤ የፉልሃሙ ጆኒ ሄንስም ወዲያው በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው በታኅሣሥ 1995 ነው። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂጋዊ ተጫዋች ክለቡን ከስሶ በአውሮፓ ፍርድ ቤት ረታ። ከዚያ በፊት ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ሌላ ክለብ ካልገዛው በቀር ለመሄድ ነጻ አልነበረም። ከፍርዱ በኋላ ግን ውሉን የጨረሰ ሰው ያለ ዝውውር ክፍያ መሄድ ቻለ፤ ለክለብ ይከፈል የነበረው ገንዘብም ከፊሉ ወደ ተጫዋቹ ኪስ ዞረ። የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጨመርበት ደመወዝ በየዓመቱ ሽቅብ ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ደመወዝን ከሥራ ጋር ለማመዛዘን መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ መለካት ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊ ስንት ልብስ እንደሰፋ ይቆጠራል። የኳስ ተጫዋች ምኑ ይቆጠራል? ሰው ሁሉ የሚቆጥረው ጎል ነው። በዚህ ሂሳብ ሊዮኔል ሜሲን እንመልከት። በ2024 ከኢንተር ማያሚ የተረጋገጠ ክፍያው 20.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዓመት በሊጉ 19 ጨዋታ ተጫውቶ 20 ጎል አገባ። አንዱ ጎል አንድ ሚሊዮን ዶላር ወጣበት ማለት ነው! ታዲያ ተወደደ እንበል? ክለቡ እንዲህ አይልም። እርሱ ከመጣበት ከ2023 ጀምሮ የመግቢያው ትኬት፣ ማሊያውና የቴሌቪዥኑ ደንበኛ ሁሉ በስሙ ተሸጧል። የተከፈለው ለጎሉ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ለመሰብሰቡም ነው።

ጎል ብቻ ከቆጠርን ደግሞ በረኛው በነጻ ሊሠራ ነው። ኤሊ ዳሳን ሁላችንም እናውቀዋለን። በናታንያ የተወለደው የማኅበረሰባችን ልጅ በቤይታር ኢየሩሳሌምና በማካቢ ቴል አቪቭ ተጫውቶ፣ በ2020 ወደ ሆላንዱ ቪተስ፣ በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ ሄደ፤ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበልም ሆኖ ብዙ ቤት እንባ አስፈሰሰ። ዳሳ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። የእርሱ ትልቁ ሥራ ያልገባው ጎል ነው። ያልሆነን ነገር ማን ይቆጥረዋል?

ይህን ባለመቁጠር የከሰረ ክለብ አለ፤ እርሱም ሪያል ማድሪድ ነው። በ2003 በጋ ክሎድ ማኬሌሌ የሚባለው የመሀል ሜዳ ተጫዋች ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ። ጎል አያገባም፣ ኳስ ይነጥቃል፣ ለአጠገቡ ሰው ያቀብላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ክለቡ እምቢ ብሎ ለቼልሲ ሸጠው፤ በዚያው በጋ ዴቪድ ቤካምን ገዛ። ማሊያው በገፍ ተሸጠ፤ ሜዳው ላይ ግን ያን ጊዜ የስፔን ሻምፒዮን የነበረው ማድሪድ በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ወጣ፤ ዋንጫውንም እስከ 2007 ድረስ አላየውም። ቼልሲ በበኩሉ በ2005ና በ2006 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ለቼልሲ ድል ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ የባለቤቱ ገንዘብ አንዱ ነው። ሆኖም በእኛ አስተያየት የደመወዝና የሥራ አለመመጣጠን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለውም።

ዛሬ ክለቦች መለኪያቸውን አሻሽለዋል። ከየትኛው ቦታ የተመታ ኳስ ከስንት አንዱ ጎል እንደሚሆን ከብዙ ሺህ ምቶች አስልተው «የሚጠበቅ ጎል» የሚሉት ቁጥር አውጥተዋል። ለምሳሌ ፍጹም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ወይም ትንሽ በላይ ይገባል። አጥቂው ዕድለኛ ሆኖ ነው ያገባው ወይስ ጥሩ ቦታ እየደረሰ ነው የሚለውን በዚህ ይለያሉ። በእንግሊዝ ብሬንትፎርድ የተባለው ትንሽ ክለብ በዚህ ዓይነት ሂሳብ እየገዛና እየሸጠ በ2021 ወደ ፕሪምየር ሊግ ወጥቷል።

አንድን ተጫዋች ብቻውን መመዘን እንዲህ አስቸጋሪ ከሆነ፣ ቡድኑን በሙሉ ብንመዝንስ? እዚህ ላይ መልሱ ግልጽ ይሆናል። ስቴፋን ሺማንስኪ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር የ40 የእንግሊዝ ክለቦችን ሂሳብ ከ1978 እስከ 1997 መርምረው ነበር። ክለቦቹ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከነበራቸው ልዩነት ከመቶ 92 ያህሉ ከደመወዝ ወጪያቸው ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ለዝውውር ያወጡት ገንዘብ ግን ከመቶ 16 ብቻ። ማለትም በረጅም ጊዜ ሲታይ ብዙ ደመወዝ የሚከፍል ከላይ፣ ጥቂት የሚከፍል ከታች ይቀመጣል። በጅምላው ገበያው አይሳሳትም እንደ ማለት ነው። እርግጥ ነገሩ በሁለት በኩል ይሄዳል፤ ያሸነፈ ክለብ ገቢው ስለሚጨምር መልሶ ብዙ ይከፍላል።

በአገራችንም ይኸው ነው። በ2012 ኢሮኒ ኪርያት ሽሞና፣ ከሰሜን ጫፍ የመጣው የትንሽ ከተማ ክለብ፣ ሻምፒዮን ሆኖ አገሩን አስደነቀ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ባሉት 13 የውድድር ዘመኖች ዋንጫውን የተካፈሉት ማካቢ ቴል አቪቭ፣ ሃፖኤል ቤር ሼቫና ማካቢ ሃይፋ ብቻ ናቸው።

ከሕጉ የሚያፈነግጥ ግን አለ። ሌስተር ሲቲ በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን የደመወዝ ወጪው በዓመት 80 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ለዚያ ሊግ አነስተኛ ነው። አልጄሪያዊውን ሪያድ ማህሬዝን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ሊግ ያመጡት በ400 ሺህ ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ በ2018 ለማንቸስተር ሲቲ የሸጡት በ60 ሚሊዮን ነው። ይኸው ሌስተር በ2023 የደመወዝ ወጪው ከ200 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ሳለ ከሊጉ ወረደ። ባነሰው ገንዘብ ዋንጫ፣ በበዛው ገንዘብ ውርደት!

ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ኳስ ሳይነካ ደመወዙን የሚበላ ተጫዋች ከየት ይመጣል? የመጀመሪያው ምክንያት ውሉ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ክለብ ተጫዋቹን «ዘንድሮ ደከምክ» ብሎ ማሰናበት ወይም ደመወዙን መቀነስ አይችልም። የተፈረመው ዓመት እስኪያልቅ መክፈል ግዴታው ነው። እንዲያውም በአንድ የውድድር ዘመን ከክለቡ ጨዋታዎች ከመቶ አሥር ያነሰ የተሰለፈ ነባር ተጫዋች ውሉን ለማፍረስ መብት ሊኖረው ይችላል። ሆላንዳዊው ዊንስተን ቦጋርድ በ2000 ወደ ቼልሲ ሲሄድ በሳምንት 40 ሺህ ፓውንድ እንደተፈረመለት ተነግሯል። እስከ 2004 ድረስ የተጫወተው 9 የሊግ ጨዋታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኛ ግን አንፈርድበትም፤ ልምምዱ ላይ እየተገኘ የተፈረመለትን ነው የተቀበለው።

ሁለተኛው ምክንያት ደመወዝ የሚወሰነው ወደ ኋላ ታይቶ ሲሆን የሚከፈለው ወደ ፊት መሆኑ ነው። አሌክሲስ ሳንቼዝ በአርሰናል ጎል ሲያዘንብ አይቶ ማንቸስተር ዩናይትድ በጥር 2018 ከሊጉ ከፍተኛ ከሚባሉት ደመወዞች አንዱን ሰጠው። በ45 ጨዋታ 5 ጎል ብቻ አገባላቸው። ኔይማር በ2023 በ90 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወደ ሳዑዲው አል ሂላል ሄዶ በሁለት ወር ገደማ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ያውም ለብራዚል ሲጫወት። በጥር 2025 ሲለያዩ ለክለቡ የተጫወተው 7 ጨዋታ ነበር። ጉዳት ግን የሀብታሙ ብቻ አይደለም። ጋዲ ኪንዳም በጉልበት ጉዳት ምክንያት የ2022ን የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት አሳልፏል። ውል የሚጠብቀው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ከሥራው በታች የሚከፈለውም አለ፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ወጣቱ ነው። የባርሴሎናው ላሚን ያማል በ2024 ከስፔን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን ሲያነሳ 17 ዓመት ከሞላው ገና አንድ ቀኑ ነበር። ያን ጊዜ የሚጫወተው በልጅነቱ በፈረመው ውል ነው። ትልቁን ውል ያገኘው በ2025፣ 18 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ልጁ እየሮጠ ጎል የሚያበጀውን፣ አንጋፋው በወንበር ተቀምጦ ብዙ እጥፍ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ልጆቻችን። በእስራኤል የላይኛው ሊግ 14 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ 25 ተጫዋች ቢይዝ ጠቅላላው ቦታ 350 ነው፤ ከዚያም ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ አለ። እንደ ባሩክ ደጉ በማካቢ ቴል አቪቭ ማሊያ በቻምፒዮንስ ሊግ የተጫወተ የእኛ ልጅ መኖሩ ያኮራናል፤ በሩ እንዳልተዘጋም ያሳያል። ሆኖም ያ የሳምንት ሦስት መቶ ሺህ ፓውንድ የአንድ ሁለት አገር፣ የጥቂት ደርዘን ሰዎች ሂሳብ ነው። የኢኮኖሚ ምሁሩ ሸርዊን ሮዘን በ1981 እንዳስረዱት፣ በቴሌቪዥን ዘመን ሰው ሁሉ አንደኛውን ማየት ስለሚችል ሁለተኛውን ለማየት አይከፍልም። በችሎታ ጥቂት የሚበልጥ ሰው በገንዘብ ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ለዚህ ነው። የበታች ሊግ ተጫዋች ከፍተኛ ኮከቡን በችሎታ ግማሽ ቢያክል እንኳ በደመወዝ መቶኛውን አያክልም።

ልጅዎ ውል ቀርቦለት ከሆነ እነዚህን ይመልከቱ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የበለጠ የሙያ ውል መፈረም አይችልም፤ አምስት ዓመት ብሎ የሚመጣ ወኪል ቢኖር ስህተት ነው። የተጻፈው ብር ብሩቶ ነው ወይስ ኔቶ፣ በዓመት የሚከፈለውስ ለ12 ወር ነው ወይስ ለ10፣ ቢጎዳ ሕክምናውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስጽፉ። ልጁ አንድ ቀን ወደ ውጭ አገር ክለብ ቢሸጥ፣ ከዝውውሩ ገንዘብ ከመቶ አምስቱ ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ይህ የክለቦቹ ድርሻ ነው፤ ለቤተሰብ ይደርሳል ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ አልተረዳውም። ውሉ በዕብራይስጥ ስለሚሆን፣ ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ ወላጆች የክለቡን ወይም የወኪሉን ሰው ሳይሆን የራሳችሁን አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ።