አዝማሪ ቤት ለምን ጠባብ ይሆናል?

በወልዲያም ሆነ በመርሳ አዝማሪ የሚጫወትበት ጠጅ ቤት ሲባል ትልቅ አዳራሽ አይታሰብም። ግድግዳ የተጠጉ አግዳሚ ወንበሮች፣ መሐል ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ፣ በቃ! እንግዳው ብርሌውን ይዞ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ይህ ጥበት በድህነት ብቻ የመጣ አይደለም። ሥራው ራሱ ይፈልገዋል።

ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ድምፁ የሚያስተጋባው ቆዳ በተለበጠ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። ድምፅ ማጉያ ቢደረግለት እርግጥ ይሰማል። ግን ነገሩ መስማት ብቻ አይደለም እኮ! አዝማሪው እየዞረ የእያንዳንዱን እንግዳ ፊት ያያል፤ ያየውን ይዞ ወዲያው ይገጥማል። እኛም ገብተን አይተነዋል፤ መነጽር ያደረገው ጓደኛችን አላመለጠም። እንግዳውም በተራው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። ስለዚህ ግጥሙ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ይገጥማል። ሰሙ ከላይ የሚሰማው ቃል፣ ወርቁ የተሸሸገው ምሥጢር ነው። ወርቁን ለመያዝ ቀረብ ማለት ያስፈልጋል።

ወሎ በዚህ ሙያ ስም አላት። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ይጠራሉ። ባቲ ከተማ ነች፤ አምባሰል ደግሞ ከሀብሩ ቀጥሎ በስተደቡብ ያለው አገር ነው።

አዝማሪ የሚለው ቃል የመጣው «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ መዝሙርም ከዚያው ነው። ሆኖም ስሙ ስድብ ሆኖ ቆየ። ማታ ያጨበጨበለት ሰው ጠዋት ልጁን አይድርለትም ነበር። ፋሺስቶች ግን አልናቁትም፤ ፈሩት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮች ጋር ተዘዋዋሪ ዘፋኞችም እንዲገደሉ አዘዘ። በደርግ ዘመን ደግሞ በየከተማው የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበረ የሌሊት ጨዋታ ተዳከመ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች እንደገና በዙ።

ከእነዚህም የታወቀው የካዛንቺሱ ፈንዲቃ በ2017 ዓ.ም. ለከተማ ልማት ተብሎ ፈረሰ። ባለቤቱ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ሥራውን ወደ ሌላ ስፍራ አዛወረ። ይህን ሁሉም አይችለውም። አዝማሪው የሚያድረው እንግዳው ግንባሩ ላይ በሚለጥፍለት ብር ነው፤ ቤቱ በተዘጋበት ማታ እሱም የለም።