ሞትን ያልፈለገ ሰማዕት

በካምፓላ ከተማ፣ ናካሴሮ በሚባለው ኮረብታ፣ የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት የኢዲ አሚን የስለላ መሥሪያ ቤት በቆመበት ዘመን የብዙ ንጹሓን ደም ፈስሷል፤ የኡጋንዳ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉምም የካቲት 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በዚያው ኮረብታ ወደሚገኘው ናይል ማንሽን ሆቴል ከጳጳሳቱ ጋር ከተጠሩ በኋላ፣ ሌሎቹ ሲሰናበቱ እርሳቸው ብቻቸውን ቀርተው በሕይወት አልተመለሱም። መንግሥት በመኪና አደጋ ሞቱ ብሎ አወጀ፤ አስከሬናቸው ግን በጥይት የተበሳ ሆኖ ተገኘ።

እኚህ አባት ሞትን ፈልገው ነበርን? እኔ አይደለም እላለሁ። ወታደሮች በሌሊት ቤታቸውን የጦር መሣሪያ ለማግኘት ከፈተሹ በኋላ፣ እርሳቸውና ጳጳሳቱ ያደረጉት በግፍ ስለሚገደለውና ስለሚሰወረው ሕዝብ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ ይህም ለሞት መቸኮል ሳይሆን መንጋውን ከተኩላ መጠበቅ፣ ማለትም የእረኝነት የዘወትር ግዳጅ ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም ሞትን ፈልጎ በመሄድ ነገር ጥንቁቅ ነበረች፤ የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርጶስ ምእመናን ሲለምኑት ከከተማ ወጥቶ በገጠር ተሸሸገ፣ በተያዘ ጊዜ ግን ክርስቶስን አልካደም፤ ራሱን በፈቃዱ ለገዳዮች ያቀረበውና አውሬዎቹን ባየ ጊዜ የካደው ቊንጦስ ግን በዚያው በፖሊካርጶስ የሰማዕትነት ታሪክ ተነቅፏል።

የእኛው አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት የወደቁት አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ስላሉ ነው፤ የሕይወት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፣ ነገር ግን ዋጋው ሕዝባቸውን መክዳት ነበረ።