ያገለገለ ካሜራ በኢንተርኔት ጨረታ መግዛት

ያገለገለ ካሜራ በኢንተርኔት ጨረታ መግዛት ማለት ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ካሜራ ወይም ሌንስ በድረ ገጽ ላይ ከሌሎች ተጫራቾች ጋር ተወዳድሮ መግዛት ነው። ገዢው ዕቃውን በእጁ ሳይዝ ስለሚወስን ትልቁ አደጋ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት እሱ አለማወቁ ነው። ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ከሆነ መልሶ መላክ አስቸጋሪ በመሆኑ አደጋው ይጨምራል።

ታሪክ

በዘርፉ ታዋቂው ድረ ገጽ ኢቤይ ነው። ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. ኦክሽንዌብ በሚል ስም በአሜሪካ መሠረተው። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ ሌዘር ጠቋሚ ሲሆን፣ መበላሸቱ ተነግሮ በ14.83 ዶላር ተሸጧል።

የጨረታው አሠራር

በኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ጨረታ የተለመደ ነው። አንደኛው ዋጋ በታሸገ ፖስታ የሚቀርብበት ነው። ሁለተኛው ባንኮች የመያዣ ንብረት ሲሸጡ የሚያካሂዱት ሐራጅ ነው። የኢቤይ ጨረታ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ተጫራቹ ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ ዋጋ በምሥጢር ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ስለ እሱ ሆኖ አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል።

ለምሳሌ ለአንድ ሌንስ አንዱ ተጫራች 600 ዶላር፣ ሌላው 450 ዶላር ቢያስገቡ፣ የጭማሪው መጠንም 10 ዶላር ቢሆን፣ የመጀመሪያው በ460 ዶላር ያሸንፋል። አሸናፊ ሁለተኛውን ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍልበትን የጨረታ ዓይነት ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተንትኖታል። እንዲህ ባለው ጨረታ የሚያዋጣው ዕቃው ለገዢው የሚያወጣውን ትክክለኛ ዋጋ ወስኖ አንድ ጊዜ ማስገባት ነው። በጨረታው መጨረሻ በእልህ ዋጋ መጨመር ግን ለኪሳራ ይዳርጋል።

ከመጫረት በፊት የሚታዩ ነገሮች

* የተነሱ ፎቶዎች ብዛት፦ ሻተር የሚባለው የካሜራ መዝጊያ በእያንዳንዱ ፎቶ ይሠራል፤ ዕድሜውም የተወሰነ ነው። ለምሳሌ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 መዝጊያ ለ150,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። በብዙ የኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩ በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚመዘገብ፣ በቅርቡ የተነሳ ያልተስተካከለ ፎቶ እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል።
* ሻጋታ፦ እርጥበት ባለበት ቦታ የተቀመጠ ሌንስ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል። ከኋላው መብራት በርቶ የተነሳ ፎቶ ያጋልጠዋል።
* የሻጩ ታሪክ፦ ቀደም ሲል የገዙ ሰዎች የሰጡት አስተያየትና ዕቃ የሚመለስበት ደንብ መነበብ አለበት። «ሳይሞከር የሚሸጥ» የሚል መግለጫ ብዙ ጊዜ የብልሽት ምልክት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በውጭ ምንዛሪ በቀጥታ መክፈል ስለሚቸገሩ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይገዛላቸዋል፤ ዕቃውንም መንገደኛ ያመጣዋል። ዘመድ ዕቃውን እንደተረከበ ቢፈትሸው በመመለሻው ጊዜ ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ከተጓዘ በኋላ ግን ጊዜው ያልፋል። የጉምሩክ ቀረጥም አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው የ460 ዶላር ሌንስ ከ26,700 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ46,000 ብር በላይ ሆነ። በስሕተት የተገዛ ዕቃ የሚያስከትለው ጉዳትም በዚያው መጠን ጨመረ።

ምሳሌ፦ ፎቶ ማንሳት በጓሳ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ በሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል፤ ከፍታውም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ነው። በዚያ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ሳይረብሹ ለማንሳት 300 ወይም 400 ሚሊሜትር ሌንስ ይመረጣል። እንዲህ ያሉ ሌንሶች አዲስ ሲሆኑ ውድ በመሆናቸው ብዙዎች ያገለገለ ይፈልጋሉ።

ጓሳ ደካማ ዕቃን ያጋልጣል። ጉም ወደ ሌንሱ እርጥበት ያስገባል፤ የሌሊቱ ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል። ካሜራው ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት ማስቀመጥና እስኪሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ስፍራ የሚገዛ ሰው ከውጫዊ ጭረት ይልቅ የውሃ መከላከያ ጎማዎችን፣ ሻጋታንና ባትሪን ቢመረምር ይጠቅመዋል፤ ላይ ላዩን የተጫረ ነገር ግን ውስጡ ጤናማ የሆነ ሌንስ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል።