በሶር ፏፏቴ አጠገብ አንድ ሌሊት

መቱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጅማና በበደሌ በኩል የሚመጣ መንገደኛ የያዩን ደን አልፎ ይደርስባታል። ከመቱ ወደ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ግን በኅዳር ወር የሄድነው ወደ በቾ ነው። የሶር ፏፏቴ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው። ይህን ፏፏቴ ለማየት ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣል። እኛም አራት ሆነን አንዲት ድንኳን ይዘን ሄድን።

በቾ ላይ ዳቦ፣ ማርና ቡና ገዛን። መንገድ የሚመሩን አንድ የአገሩ ሽማግሌ አገኘን። ደኑን ለማያውቅ ሰው ያለ መሪ መግባት አይበጅም።

ከበቾ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ይበቅላል። ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። ስንደርስ ውሃው ከገደሉ አፋፍ ይወረወራል፤ ከታች እንደ ጢስ ይነሣል።

ድንኳናችንን ከገደሉና ከወንዙ ራቅ አድርገን፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ተከልን። የገደሉ ጠርዝ እርጥብ ስለ ሆነ ያንሸራትታል። የምንጠጣውን ውሃ አፈላን። ንጹሕ የሚመስል ውሃም በሽታ ሊኖርበት ይችላል።

ማታ ቡና እየጠጣን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ ዝናቡ አባርቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል?»

«ልጆቼ፣ ውሃውን የሚያስቀምጥልን ደኑ ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ ጠብታውን ያበርደዋል። መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል ውሃውን ይመጠዋል። ሥሩ ያላላው አፈር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ቀስ እያለ በምንጭ በኩል ይወጣል። በጋ ላይ ወንዙን የሚያቆየው ይህ ነው። ዛፍ በሌለው ተዳፋት ላይ ግን ዝናቡ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ጥም ይሆናል።

የሶር ውሃ እዚያው አይቀርም። ወደ ገባ ወንዝ ይገባል። ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ። ባሮ በጋምቤላ አልፎ፣ ውሃው በመጨረሻ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። ከሶር ወንዝ የኤሌክትሪክ ኃይልም ይመነጫል። እንግዲህ ኢሉባቦር ውስጥ የቆመ ዛፍ የሚጠቅመው ስንቱን ነው!

የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ በዓለም የታወቀ ሆኗል። መዝገብ ብቻውን ግን ዛፍ አይጠብቅም። የሚጠብቀው አጠገቡ የሚኖር ገበሬ ነው። ደኑን የመነጠረ ሰው ዛሬ ማሳ ያገኛል፤ ነገ ግን የቡናውን ጥላ፣ የንቡን አበባና ምንጩን ያጣል።

ጠዋት እሳቱን በውሃ አጠፋን፤ አፈርም አለበስነው። ቆሻሻችንን ለቅመን ይዘን ተመለስን። እንግዳም ቢሆን ባለ አገር ደኑን እንዳገኘው መተው አለበት።

ለውይይት፦
1. በበጋ የሶር ውሃ የማይደርቀው ለምንድን ነው?
2. በቀበሌያችሁ የደረቀ ምንጭ አለ? ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ዛፍ አለበት?