ሴዋርን፦ ከተኩስ በፊት የሚመዘግበው ተቋም

በጥይት የቆሰለ ሰው ከክልል ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲደርስ፣ በሆስፒታሉ ሥር ያለው የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ማዕከል አቤት የሚመዘግበው የሆነውን ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ግን ከቁስሉ በፊት ያለውን ለመመዝገብ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሴዋርን ይባላል፣ የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ተቋም። ፕሮቶኮሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2002 ካርቱም ላይ ነው። ሥራው ቀድሞ ከተጀመረባቸው አካባቢዎች አንዱ አርብቶ አደሮቹ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ቱርካናና ቶፖሳ ለግጦሽና ለውኃ የሚጋፉበት የአራት አገሮች ድንበር ነው። የመስክ ታዛቢዎቹ ወረራ ሲኖር የሟቹን፣ የተነዳውን ከብትና የተጠለፈውን ሰው ቁጥር ይልካሉ። ይበልጥ የሚደንቀው ግን ምንም ሳይፈጠር የሚሞሉት ፎርም ነው፦ ገበያው እንደ ወትሮው ነው ወይ? በማኅበረሰቦቹ መካከል መጋባት አለ ወይ? የግጦሽ መሬት ተጥሎ ተኬዷል ወይ? መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል ወይ?

ጠብመንጃው ከብዙ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ መሆኑ ተገቢ ይመስለኛል። ድንበር ላይ መሣሪያ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ስለዚህ መኖሩ ብቻውን መቼ እንደሚተኮስ አይነግረንም። የሚነግረን ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ መጠያየቁ ሲቀር ነው። «ታዲያ መዝግቦ ፈቃድ መስጠት አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177ን በ2012 አውጥታለች፤ አስፈላጊም ነው። መዝገብ የሚያየው ግን ሊመዘገብ የመጣውን ብቻ ነው፤ ከድንበር ማዶ ያለው አይመጣም። ትጥቅ ማስፈታትም ለብቻው አይበጅም። ኡጋንዳ የካራሞጃ አካባቢዋን አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ትጥቅ ማስፈታት ስትጀምር፣ መሣሪያ ያስረከቡት ጠባቂ ሠራዊት ሲሳሳባቸው ባልፈቱት ጎረቤቶቻቸው ተዘረፉ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትና ሴቶችንም ወሰዱ። ሴዋርን ከተቋቋመ ያኔ ከአሥር ዓመት አልፎታል፤ ታዲያ ምን ፈየደ? መልሴ አጭር ነው፦ ፎርም ታጣቂ አያቆምም፣ የሚያቆመው ፎርሙን ያነበበ ባለሥልጣን ነው። ሴዋርን ከቀድሞም የሚወቀሰው ማስጠንቀቂያውና ምላሹ በመራራቃቸው ነው፤ ወቀሳውም እውነት አለው። መፍትሔው መመዝገቡን መተው ሳይሆን ሪፖርቱ በዚያው ቀን ለወረዳው አስተዳዳሪና ለፖሊስ ጣቢያው እንዲደርስ ማድረግ፣ የተቀበለውም ምን እንዳደረገ በጽሑፍ እንዲመልስ ማስገደድ ነው። ይህን ደግሞ መንግሥታት እንጂ ታዛቢዎች ሊያደርጉት አይችሉም።