እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

አበው ችግር በችግር ላይ ሲደረብ «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ጉዳይ ተረቱን የሚመስል ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ በኋላ የሚመጣው ችግር እንቅርቱ ራሱ መሆኑ ነው። ገና ትዳር ያልያዛችሁ ተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ብላችሁ ገጹን አትለፉት።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ባልና ሚስት በአሳባችን እንያዝ። ባልየው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሚስቲቱ መምህርት ናቸው እንበል። ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ ግን አልወለዱም። እንዲህ ሲሆን በልማዳችን ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቲቱ ነው። እርሷ ከጠበል ወደ ሐኪም ቤት ስትመላለስ፣ ባልየው «እኔ ጤነኛ ነኝ» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመረመር ቆየ። የወንድ ዘር ምርመራ ከሁሉም የቀለለውና ሕመም የሌለው ምርመራ ነው፤ ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶች መካከል በግማሹ ያህል የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል። በበኩሌ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊመረመሩ ይገባል እላለሁ። በመጨረሻ ተመረመረ፤ እሱ ደኅና ሆነ፤ የእርሷ ሁለቱ የማህፀን ቱቦዎች ግን ተዘግተው ተገኙ።

ቱቦ ሲዘጋ የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር መገናኛ መንገድ ያጣሉ። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ የተወለደችው የሉዊዝ ብራውን እናትም ያጋጠማት ይኸው ነበር። ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ነርሷ ጂን ፐርዲ እንቁላሉን ከእናቲቱ አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከዘሩ ጋር አገናኙና ወደ ማህፀን መለሱት። ኤድዋርድስ በ2003 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ሁለቱ ባልደረቦቹ በሕይወት አልነበሩም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል።

የእኛዎቹ ባልና ሚስትም ቆርጠው ተነሡ። ዕቁቡ ወጣላቸው፤ ገንዘቡ ተቀመጠ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተወሰደው ደም ግን ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። መምህርቷ ለወራት ልቧ ይመታ ነበር፤ እየበላች ትከሳለች፤ ጠመኔ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ በጭንቀት አሳብባው ኖሯል። የአንገቷ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ መሆኑ ታወቀ። ይህ በሽታ በ1835 እ.ኤ.አ. በገለጠው በአየርላንዱ ሐኪም በሮበርት ግሬቭስ ስም ይጠራል። በአዮዲን እጥረት ከሚመጣው፣ በደጋው አገር ከምናውቀው እንቅርት የተለየ ነው፤ የሰውነት የገዛ መከላከያ ዕጢውን ያለ ዕረፍት የሚገፋበት ሕመም ነው።

ሐኪሙ «ይህ ሳይረጋጋ እርስዎ ሊያረግዙ አይገባም» አሏት። ምክንያት አላቸው። ዕጢው ሳይገታ የሚመጣ እርግዝና ውርጃን፣ ያለ ጊዜው መወለድን፣ የእናቲቱንም የልብ ድካም ሊያስከትል ይችላል። እንቁላል ለማብዛት የሚሰጡት መርፌዎችም ኤስትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ስለሚያደርጉ ያልተረጋጋውን ዕጢ የባሰ ያናጉታል። ይሁን እንጂ ሴትየዋ 36 ዓመቷ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ የእንቁላሉ ቁጥርም ጥራቱም በፍጥነት ይቀንሳል። ባልየው በከንቱ ያሳለፋቸው ሁለት ዓመታት ዋጋቸው የታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት መንገድ ቀረበላቸው። አንደኛው ክኒን ነው። ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል፤ ሲቆም ግን በግማሽ ያህል ሰዎች ላይ በሽታው ይመለሳል። በተለይ ከ6ኛው እስከ 10ኛው የእርግዝና ሳምንት ከተወሰደ በፅንሱ አካል ላይ ጉድለት ሊያመጣ ስለሚችል፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ፕሮፒልታዮራሲል በተባለው ይተካል፤ እሱም አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ሁለተኛው ጨረር ያለው አዮዲን ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ አይፈቀድም፤ ዕጢውን የሚገፋው የመከላከያ ንጥረ ነገርም ለጊዜው ሊበዛና በኋላ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ፈጣን ነው፤ ግን የድምፅ ጅማትን የመንካት አደጋ አለው፤ ከዚያም ዕድሜ ልክ በየቀኑ ክኒን ያስፈልጋል።

ቤተ ዘመድ ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። የባልየው እናት «ልጄ፣ ብር እጅ ላይ ከዋለ ይበላል፤ አሁኑኑ ጀምሩት» አሉ። ባልየው «እማማ እውነታቸውን ነው፤ አንዴ እንሞክረው» ቢል፣ ሚስቲቱ «ልቡ የሚመታው የእኔ ነው፤ አንተ የምትሞክረው በምንህ ነው?» አለችው። ክፉ መልስ አይደለም። ገንዘቡ የሁለቱም ቢሆን አደጋው የሚወርደው በእርሷ ላይ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ቃል የእርሷ መሆን ይገባዋል።

ሌላው ችግር ሁለቱ ሐኪሞች በተለያየ ቤት መሆናቸው ነው። አንዱ አንገቷን ያያል፤ ሌላው ማህፀኗን። የአንዱን ወረቀት ለሌላው ካላደረሱለት እያንዳንዱ በበኩሉ ትክክል የሆነ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሁለቱ ትእዛዞች ግን ይጋጫሉ። መምህርቷ ይህን አስተዋለችና የደም ውጤቷን ሁሉ በአንድ መዝገብ አድርጋ ለሁለቱም አቀረበች። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የተገለጠው፦ ቱቦዋ የተዘጋ ሴት በድንገት የማርገዟ ነገር እጅግ የጠበበ ስለሆነ፣ ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ከዚያ ቀን በፊት ሊለወጥ ይችላል።

ከዚህም በላይ፣ ፅንስ በብርድ ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል። ቀዝቅዞ ከቆየ ፅንስ የመጀመሪያው ልጅ በ1976 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተወለደ ወዲህ ሥራው የተለመደ ሆኗል። የቀዘቀዘ ፅንስ እንቁላሉ በተወሰደበት ቀን በነበረው ዕድሜ ይቆያል፤ ከእናቲቱ ጋር አያረጅም። በእርግጥ ሲቀልጥ ሁሉም አይተርፍም፤ የተረፈውም ሁሉ ልጅ አይሆንም፤ ይህን ሐኪሙ አልሸሸገም።

ተመካክረው የወሰኑት እንዲህ ሆነ፦ በመጀመሪያ ክኒኑ ዕጢውን ያረጋጋል፤ ደሟ ሲስተካከል እንቁላሉ ተወስዶ ፅንሱ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል፤ ምትኩ ክኒን ልኩን ሲያገኝ ፅንሱ ወደ ማህፀን ይገባል። ባልየው የዕቁቡን ገንዘብ በሚስቱ ስም ባንክ አስገባ። የሚቀጥለው የደም ምርመራ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።