ከሰማይ የሚላክ ዋስ

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንዲት ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሜትር የሆነ የቤት ቦታ አለ እንበል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ ወጣት ሠራተኛ የእጅ ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ መጥቶ ማዕዘኖቹን ይለካና ንድፉን በወረቀት ያሰፍራል። መሣሪያው 25 ሜትር በሚረዝመው ድንበር በኩል 3 ሜትር ቢስት፣ 75 ካሬ ሜትር መሬት፣ ይኸውም ከመቶ 15 እጅ፣ ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ጉቦ አልተቀበለም። ነገር ግን ሁለቱ ጎረቤቶች ስለ ወሰን ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን ሊፈጁ ይችላሉ።

እንግዲህ ይህ 3 ሜትር ከየት መጣ? የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ርቀው እየዞሩ ያሉበትን ስፍራና የሰዓታቸውን ልክ በሬዲዮ ይናገራሉ። በእጅዎ ያለው መሣሪያ ሞገዱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ አይቶ ርቀቱን ያሰላል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ የምታህል ስሕተት 300 ሜትር ታሳስታለች። የሳተላይቱ ሰዓት በጥቂቱ ቢዛነፍ፣ ወይም ሳተላይቱ አለሁበት ከሚለው ስፍራ ትንሽ ቢርቅ፣ ጉድለቱ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን በመንገድ ላይ የሚያጋጥመው ነው። የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የሞላበት፣ ኢዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው አየር ሞገዱን ያዘገየዋል፤ መዘግየቱም እንደ ሰዓቱና እንደ ስፍራው ይለያያል።

ቀድሞ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሕዝብ የሚላከውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ልማድ በ2000 እ.ኤ.አ. ቀረ። ዛሬ በገላጣ ሰማይ ሥር ተራው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሜትር ገደማ አያልፍም። ለመንገደኛ ይህ ይበቃል፤ በደመና ውስጥ ለሚያርፍ አውሮፕላንና ለመሬት ወሰን ግን አይበቃም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? እስቲ ወደ ገበያ እንሂድ። አንድ ነጋዴ የሚዛኑን ልክነት ቢጠራጠር፣ ክብደቱ የታወቀ የአንድ ኪሎ መመዘኛ ይጭንበታል። ሚዛኑ 1,050 ግራም ቢያሳይ፣ በ50 ግራም እንደሚዋሽ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲያ ከሚመዝነው ላይ ያንኑ ይቀንሳል። የሳተላይቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ስፍራው አስቀድሞ በጥንቃቄ በተለካ ጣቢያ ላይ መቀበያ ይተከላል። ሳተላይቱ የሚያስረዳው ስፍራ ከእውነተኛው ስፍራ ጋር ሲነጻጸር፣ ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገለጣል።

አሜሪካኖች እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን በአገራቸው፣ በካናዳና በሜክሲኮ አቋቁመው ቁጥራቸውን 38 አደረሱ፤ አገልግሎቱም በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ጣቢያዎቹ የሰበሰቡት ሁሉ በማዕከል ከተሰላ በኋላ፣ ማረሚያው በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከምድር ጋር እኩል ወደሚዞሩ ሳተላይቶች ይላካል፤ እነርሱም መልሰው ለሁሉም ያሠራጩታል። ደስ የሚያሰኘው፣ ማረሚያው የሚመጣው በራሱ በጂ.ፒ.ኤስ. ሞገድ፣ በ1575.42 ሜጋኸርዝ በመሆኑ የእጅ መሣሪያ ሌላ አንቴና ሳያስፈልገው ይሰማዋል፤ ዋጋም አይከፈልበትም። በዚያ አገር የእጅ መሣሪያው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከ3 ሜትር በታች ይወርዳል።

የዚህ አገልግሎት የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል «ዋስ» ተብሎ ይነበባል። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ሥራውም የዋስ ሥራ ነው። አንድ ሳተላይት ቢሳሳት በ6 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ «ይህን አትመኑ» ብሎ ለአብራሪው ያስታውቃል። የአውሮፓው ኢግኖስ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሕንድም ጋጋን የተባለ የራሷ አላት። በብዙ የእጅ መሣሪያዎች ላይ የማረሚያው ሳተላይት ከ33 እስከ 64 ባለ ቁጥር ይታያል፤ ማረሚያው ሥራ ላይ ሲውልም «ዲ» የምትባለው የላቲን ፊደል በየሳተላይቱ ምልክት ላይ ትወጣለች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ ሆነው የአውሮፓውን ወይም የሕንዱን ሳተላይት መሣሪያዎ ሊሰማ ይችላል፤ ከአድማሳችን በላይ ናቸውና። ነገር ግን መስማትና መታረም አንድ አይደሉም። የመርካቶው ሚዛን የሳተው 50 ግራም የጎንደሩን ሚዛን አያቃናም። የእነዚያ አገሮች ጣቢያዎች የለኩት የየራሳቸውን ሰማይ ነው። የእኛ ሰማይ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው፤ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ኢዮኖስፌሩ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወካል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የአየር ጉዞን የሚያስተናብረው አሴክና የተባለው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የሙከራ ማረሚያ ማሠራጨቱ ለአህጉራችን መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ዋስ ለማያውቀው ሰው አይቆምም፤ ጣቢያም ላላየው ሰማይ አይመሰክርም።

ስለዚህ እርስዎ የእጅ መሣሪያ ይዘው ለመስክ ሥራ ቢላኩ «ዲ» የምትለዋን ፊደል አይተው ብቻ አይርኩ። አስቀድመው የመለኪያውን መነሻ ይመርምሩ፤ የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች «አዲንዳን» በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂ.ፒ.ኤስ. ግን «ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84» በተባለው ይሠራል፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ከዚያም ከግንብና ከዛፍ ርቀው፣ በአንድ ስፍራ ጸንተው ቆመው፣ መሣሪያው የብዙ ልኬቶችን አማካይ እንዲይዝ ያድርጉ፤ ቢቻል በሌላ ሰዓት ተመልሰው ይድገሙት። ልኩ የታወቀ የቅየሳ ምልክት በአቅራቢያ ቢኖር በዚያ ላይ ቆመው መሣሪያዎን ይፈትኑ። ለወሰን ጉዳይ ግን አንዱን መቀበያ በታወቀ ነጥብ ላይ ተክለው በሌላው ለሚለኩ ባለሙያዎች ይተውት፤ የእኛን ሰማይ አይቶ የሚመሰክር ዋስ እርሱ ነውና።

አበው «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ያ ወጣት ሠራተኛም በንድፉ ግርጌ «ይህ ልኬት እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል» ብሎ ቢጽፍ፣ ቀለሙ ጥቂት ነው፤ ለሁለቱ ጎረቤቶች የሚያተርፍላቸው ሰላም ግን ብዙ ነው።